ልብስ ማን ያጥብ ነበር?

ሰሞኑን በቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንዲት ተማሪ «በጥንት ዘመን ተራው ሰው ምን ይበላ ነበር? ልብስስ ማን ያጥብ ነበር?» ብላ ጠየቀች። የተጋበዙት የታሪክ ምሁር ደግሞ «ይሄ ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም» ብለው አፏን አስያዟት። እሱ ሳያንስ «ተራው ሕዝብ እኮ ሰነድ አልተወም፣ ምኑ ይጠናል?» አሉ። ሌላውን ሁሉ ልለፈው፣ ይሄን ግን ከታሪክ ሰው አፍ መስማት ያሳፍራል!

ሰነድ የለም? ግብፅ ውስጥ ዴር ኤል መዲና የምትባል መንደር አለች፣ የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉትና በሥዕል የሚያስጌጡት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የኖሩባት። ከዛ የተገኘ አንድ የድንጋይ ስባሪ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል፣ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከ3,200 ዓመት በፊት የተጻፈ ማለት ነው፣ እና ምን መሰላችሁ፣ አቴንዳንስ ነው! የ40 ሠራተኛ ስም ተደርድሮ የቀሩበት ቀን በጥቁር ቀለም፣ ከላዩ ላይ ምክንያቱ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አንዱን ጊንጥ ነድፎታል፣ አንዱ ቢራ ሲጠምቅ ውሏል፣ አንዱ የወንድሙን አስከሬን ሲያዘጋጅ ነበር፣ ሚስቱ ወይም ልጁ የወር አበባ ላይ ስለሆነች የቀረም አለ። የየትኛው ንጉሥ ሐውልት ነው ይሄን ያህል ሰው ሰው የሚሸተው?

«ምን ይበሉ ነበር» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ደሞዝ እህል ነበር። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ ዓመት ደሞዙ 18 ቀን ዘገየ፣ «ተርበናል» ብለው ሥራ አቁመው ወጡና ከቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ቁጭ አሉ፣ ታሪኩን የያዘው ፓፒረስ (የጥንት ግብፆች ወረቀት) ጣሊያን ቱሪን ከተማ ይገኛል። ይኼው ንጉሥ መዲነት ሀቡ በሚባለው ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ጠላቱን ሁሉ ሲደመስስ ተቀርጿል! ግድግዳውን ብቻ ያነበበ ሰው የፈርዖን ጎተራ ለገዛ መቃብር ሠሪዎቹ እህል መስፈር እንዳቃተው በምን ያውቃል? የመንግሥቱን መንገዳገድ የነገረን የተራበ ሆድ ነው፣ ምሁሩ ወሬ ያሉት ሆድ።

ነገሥታት አይጠኑ አላልኩም። ብዙው ሰነድ በጸሐፊና በአለቃ እጅ መጻፉንም አልክድም። ግን አለቃ የጻፈው አቴንዳንስም ቢሆን ጊንጥ የነደፈውን ሰው ስም ይዟል፣ ያንን አገላብጦ ማንበብ የማን ሥራ ነው? የታሪክ ሰው አይደለም እንዴ?

እህቴ፣ ያኔ የተነፈግሽው መልስ ይኸውልሽ። ዴር ኤል መዲና ከውጪ የተመደቡላት ልብስ አጣቢዎች ነበሯት፣ ሥራቸው ያ ብቻ የሆነ ወንዶች። የሚታጠበው ልብስ ዝርዝር የተጻፈባቸው ስባሪዎች ተገኝተዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ በጽሑፍ ፋንታ የልብሱ ሥዕል ነው ያለው፣ ከጎኑም ስንት እንደሆነ በነጥብ ተቆጥሯል።