ጂንስ ንቀት አይደለም
«ጂንስና ስኒከር አድርጎ ሥራ መግባት ባለጉዳይን መናቅ ነው» የሚለው፣ ስለ ሥራ አለባበስ የወጣው ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው ሐምሌ ላይ ጅማ ይምጣና ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ በእግሩ ይሞክረው። ሊስትሮ ያብለጨለጨው ጫማ ቢሮ ሳይደርስ ቀይ ጭቃ በጭቃ ይሆናል። እኔ የምሠራው ቡና መጋዘን ነው። የገለባው ብናኝ ጥቁር ሱፍ ላይ ከተለጠፈ በብሩሽም በቀላሉ አይለቅ። ጎንበስ ብለህ ናሙና ስትወስድ ከረባትህ ቀድሞህ ጆንያው ውስጥ ይገባል። የቡናው ጥራት በሚቀመስበት ክፍል ደግሞ ስለ ልብስህ የሚጠይቅህ የለም። ሽቶ ተቀብተህ ከመጣህ ግን ትመለሳለህ፣ የቡናውን ጠረን ያበላሻላ! ከላይ በአስተያየትህ «ያለ ሱፍ ባንክ ባንክ አይመስልም» ያልከው ወንድሜ፣ እሺ፣ መስኮት ላይ ለሚቀመጠው ይሁንልህ። ከማናና ከጎማ ወረዳዎች ቡና ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ግን ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ነው። አንድ አባት ኮት የለበስኩ ቀን «ልጄ፣ ማማርህን ተወውና ኪሎውን ጮክ ብለህ ንገረኝ» ብለውኛል። ያገኙትን ለብሶ መምጣት ይፈቀድ እያልኩ አይደለም። ጆንያ በሚወርድበት ቦታ ነጠላ ጫማ አድርጎ መቆም ድፍረት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ አሠሪው የአደጋ መከላከያ ልብስ እንዲያቀርብ ያዛል። የእኛዎቹ ስለ ከረባት ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ጋዎንና ቦት ጫማ የጠየቅንበት ደብዳቤ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።