ስለ አንዲት ጠረጴዛ የተነሳ ጭቅጭቅ

የአና ፍራንክን የዕለት ማስታወሻ ያነበብኩት በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለሁ ነው። ዛሬም መጽሐፉ ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አና ደብተሩን ያገኘችው በ1942፣ 13 ዓመት በሞላት ቀን ነው። ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አይሁዳዊ የሆነው ቤተሰቧ አገሩን ከያዙት ናዚዎች ሸሽቶ አምስተርዳም ውስጥ፣ ከአባቷ መሥሪያ ቤት ጀርባ ባሉ ክፍሎች ተደበቀ። በኋላ ስምንት ሆኑ። ሠራተኞች ታች ስላሉ ቀን ቀን ኮቴ ማሰማት እንኳ አይቻልም። አና ክፍሏን የምትጋራው ደግሞ አባቷን ከሚያክል የጥርስ ሐኪም ጋር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጠረጴዛውን ልጠቀምበት ብላ በትህትና ጠየቀችው። እምቢ አላት። የሱ ሥራ እንጂ የሷ መጻፍ ቁም ነገር አልመሰለውም። በመጨረሻ አባቷ መሃል ገብቶ ነው የተፈታው።

ውጭ ሰው በባቡር እየተጫነ ወደ ሞት ይነዳል፣ እዚህ ውስጥ የጠረጴዛ ተራ! መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ፣ ምክንያቱም እኔም በዚያው ሰሞን ለመኝታ ቦታ ብዬ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ ነበር። የጦርነት ታሪክ ብዙ አንብቤ አውቃለሁ፤ ናዚዎች የገደሏቸው አይሁዶች ብዛት ስድስት ሚሊዮን እንደሆነም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እንደዚያች ጠረጴዛ ግን ሆዴ የገባ የለም።

ለዚህ ነው ከመጽሐፉ አንዲት ጥቅስ ብቻ መዘው ሼር የሚያደርጉ ሰዎች የሚያናድዱኝ። ሁሉ ነገር ቢኖርም ሰው በልቡ ደግ ነው ብላ እንደምታምን የጻፈችውን ማለቴ ነው። እሺ፣ ጽፋዋለች። ግን እዚያው አጠገቡ ዓለም ቀስ በቀስ ምድረ በዳ ስትሆን እንደሚታያት፣ እነሱንም የሚያጠፋው ነጎድጓድ ሲቃረብ እንደሚሰማት ጽፋለች። ይኼንን ማን ይጠቅሳል? ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦገስት 4 ቀን 1944፣ ተያዙ። ልጅቷን መልአክ አድርገን ከሰቀልናት፣ እናቷን የምታማርረውን፣ ቆይታ ደግሞ የጻፈችውን መልሳ አንብባ በራሷ የምትደነግጠውን አና አጣናት ማለት ነው።

መጻፉም የልጅ ጨዋታ አልነበረም። በ1944 ለንደን በስደት ያለ አንድ የደች ሚኒስትር፣ ሕዝቡ ደብዳቤና ማስታወሻውን እንዲያስቀምጥ በሬዲዮ ሲናገር ሰማች። ከዚያ ቁጭ ብላ ማስታወሻዋን እንደገና መጻፍ፣ መሰረዝ፣ ማስተካከል ጀመረች። ደራሲ መሆን ነበር ሐሳቧ። ያ ሐኪም ይህን ቢያውቅ ጠረጴዛውን ይለቅላት ነበር? እንጃ።

ከስምንቱ በሕይወት የተመለሰው አባቷ ብቻ ነው። አና በ1945 መጀመሪያ በበርገን ቤልሰን ካምፕ ስትሞት 15 ዓመቷ ነበር። በተያዙ ጊዜ የማስታወሻውን ወረቀቶች ከወለል ሰብስባ፣ ሳታነብ መሳቢያ ውስጥ ያቆየችው፣ ተደብቀው ሳሉ ትረዳቸው የነበረችው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሚፕ ሂስ ለአባትየው ሰጠችው። ያን ያህል ዓመት አብሯት ኖሮ፣ ሲያነብ እንዲህ ጠልቃ የምታስብ ልጅ እንደነበረችው እንዳላወቀ ተናግሯል።

የመጨረሻው ጽሑፍ ኦገስት 1 ላይ ነው። ውስጧ ስላሉት ሁለት አናዎች፣ ስለ ተጫዋቿና ስለ ድብቋ እያወራች ሳለ ያልቃል። እኔ ያኔ መጽሐፉ ገጽ የጎደለው መስሎኝ፣ መገጣጠሚያውን ከፍቼ የተቀደደ ወረቀት ፈልጌያለሁ።