ይድረስ ለክቡር ሞንታርቦ

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ፣ ልብስ መሸጫው በር ላይ ለተኮፈሱት፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ፣ ከጆሮዬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መቼም ትጋትዎ ይደነቃል። በቀትር ሰው ሁሉ ዘንባባ ጥላ ሥር ሲከተት፣ እርስዎ «ሁለቱን በስምንት መቶ! አለቀ፣ ደቀቀ!» ላይ ነዎት። ምሳ የለ፣ ቡና የለ። «አለቀ» ማለት ከጀመሩ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ ቲሸርቱ ግን አላለቀም።

ክሴ ግን ስለ ጭንቅላቴ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አላን ባድሊና ግራሃም ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ነገርን ለአፍታ ይዘን የምናሰላስልበት ትውስታ አለን። የሰማነውን ቁጥር እዚያ የምናቆየው በውስጣችን እየደጋገምን ነው። ካልደገምነው ወዲያው ይበናል። ቦታውም ጠባብ ነው፤ ሌላው ተመራማሪ ኔልሰን ካዋን በ2001 እ.ኤ.አ. አራት ነገር ገደማ ይይዛል ብሏል። አራት! እርስዎ ደግሞ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።

ባለፈው ጎረቤቴ እማማ የልጃቸውን ስልክ ይነግሩኛል። የእኔ ስልክ ዘግቷል። «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ…» ከማለታቸው እርስዎ ጮኹ።

«እስቲ ድገመው ልጄ፣ ስንት አልኩህ?»

«ስምንት መቶ፣ እማማ።»

«ኧረ! ልጄን የምሸጥ መሰለህ እንዴ?»

«እንዳልሰማህ ሁን» የሚሉኝ አሉ። ቀላል መሰላቸው! በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሰዎች የሚያዩትን ፊደል በቅደም ተከተል እንዲይዙ ተደረገ፤ ከኋላ የማያውቁት ጀርመንኛ ይነበባል። አትስሙት ተብለዋል። ቢሆንም ብዙ ተሳሳቱ። ጀርመንኛው እንዲህ ካደረገ፣ የእርስዎ አማርኛ ምን ያደርገኝ?

ጣናም እኮ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ግን ማዕበሉ አንድ ወጥ ነው፤ የያዝኩትን ቁጥር ብዙም አያፋልስብኝም። የሚያፋልሰው እንደ እርስዎ ያለ ከቃል ወደ ቃል የሚዘል ድምፅ ነው። ከግንባሬ ጀርባ ያለው አንጎል የሚፈልገውን ከማይፈልገው ሲለይ፣ የአምናው «በስድስት መቶ»ም ተነሥቶ ይጋፋዋል። እሱንም የዘሩት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ አራት ክፍል ካላት ቤቴ ሦስቱን ይዘዋልና ኪራይ ይክፈሉ። ገንዘቡ የሚላክበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ለባለሱቁ ሰጥቻለሁ። በቃል ልነግረው ነበር፤ ግን እርስዎ አጠገቡ ነበሩ።

አክባሪዎ፣ ተከራዬን ማስወጣት ያቃተኝ አከራይ