ክርክር፦ የበረንዳ አትክልት ከስር በክር ይጠጣ ወይስ ከላይ በእጅ?

የክርክሩ ነጥብ ይሄ ነው፦ "በባልዲና በማሰሮ የሚበቅል አትክልት ከስሩ ካለ የውሃ ማጠራቀሚያ በክር እየሳበ ቢጠጣ ይሻላል።" ደጋፊዋ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር ናት፣ ተቃዋሚው ደግሞ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ ረጅም ዓመት ተክል ያሳደጉ አባት ናቸው።

ደጋፊዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ጋሼ፣ እኔ ልጀምር። ኩራዝ ያየ ሰው ይሄን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ክሩ ጋዙ ውስጥ ተነክሯል፣ ማንም ሳይገፋው ጋዙ በክሩ ወደላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ በተቃጠለ ቁጥር ከስር ሌላው ይተካል። የባልዲው ተክልም እንደዛው ነው፣ በጋዝ ፋንታ ውሃ፣ በእሳት ፋንታ ፀሐይና ቅጠል። ታች ውሃ የያዘ ባልዲ፣ ላይ አፈር የያዘ ባልዲ፣ መሃላቸው ክር። አፈሩ ሲደርቅ ክሩ ይስባል፣ አፈሩ ሲጠግብ መሳቡ ይቀንሳል፣ በቃ ይሄው ነው፣ ሞተር የለው መብራት አይፈልግ።

ለምን እንደጀመርኩት ልንገርዎት። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ አንዳንዴ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል ግን ተክሏን ለማንም አትሰጥም፣ ስለዚ ውሃ የመጣ ቀን ሌሊት ተነስታ በጆግ ታጥለቀልቀዋለች፣ ግማሹ በስር ቀዳዳው ወጥቶ ሶስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል ጠዋት ጭቅጭቅ ነው፣ ከዛ ደሞ አምስት ቀን ሙሉ ተክሉ ይጠማል። ቃሪያው አበባውን ያረግፋል። ቲማቲሙ ቂጡ ጠቁሮ ይበሰብሳል፣ እኛ በሽታ መስሎን መድሃኒት ስንጠይቅ ነበር፣ ለካ ውሃው አንዴ ጎርፍ አንዴ ድርቅ ሲሆን ካልሲየሙ ፍሬው ጋ በወጉ ስለማይደርስ ነው። ክር ካስገባን ወዲህ ያ ጥቁር ነገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

አሰራሩም ከባድ አይደለም። ሁለት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በደንብ አጥቤ፣ የላይኛውን ቂጥ በጋለ ሚስማር በስቼ ክሩን በቀዳዳው አሳለፍኩ፣ መሃላቸው ላይ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ከፍ አደረግኩት፣ ታች ስድስት ሊትር ገደማ ይይዛል። ውሃ ምንጨምርበት ትርፍ የፒቪሲ ቱቦ በጎን አለ። ከላይኛው ባልዲ ቂጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደሞ ታችኛው ባልዲ ጎን ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ፣ ዝናብ ከበዛ በዛ ይወጣል፣ ስሩም ውሃ ውስጥ አይዘፈቅም። ስድስቱ ሊትር ለቆስጣ ሳምንት ይደርሳል፣ ፍሬ የያዘ ቲማቲም ግን በበጋ ፀሐይ በሶስት በአራት ቀን ይጨርሰዋል። ለኛ ይሄ ማለት ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ማለት ነው።

ተቃዋሚው (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ መጀመሪያ እኛ ድሬዎች አንቱታ አናበዛም፣ አንተ በይኝ።

የኩራዙ ነገር ልክ ነው፣ አልከራከርሽም። ግን አስቢው፣ ጋዝ ሲቃጠል ክሩ ጫፍ ላይ ጥቀርሻ ይቀራል አይደል? ውሃም ሚያስቀረው ነገር አለው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው ሚወጣው፣ ኖራው ብዙ ነው፣ የማንኛችንንም ማንቆርቆሪያ ብትከፍቺ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ከላይ ስታጠጪ ውሃው ጨውና ኖራውን አጥቦ በስር ይዞት ይወጣል። ከታች በክር ሲሳብ ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ወደላይ ብቻ። ውሃው ይተናል፣ ይዞት የመጣው አፈሩ ላይ ይቀራል። ልጄ ከውጭ ሲመጣ አይቶት የመጣውን ይሄን ነገር በሶስት ጀሪካን ሰርቶልኝ ነበር፣ ናናና ቃሪያ ተከልንበት፣ ጥቂት ወር ሳይቆይ አፈሩ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ነጭ ሆኖ ተጋገረ፣ የናናው ቅጠል ዳር ዳሩን ተቃጠለ። በጣቴ ስፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት ነበር ሚሰበረው።

ደሞ ሁሉም ተክል እርጥበት አይወድም። ጥብስ ቅጠል፣ እሬት፣ ጤና አዳም ስራቸው ሁሌ ሲረጥብ ይበሰብሳሉ። አፈሩ ኮትቻ፣ ያ ሚጣበቀው ጥቁር አፈር፣ ከሆነማ ታች ጭቃ ሆኖ ይቀመጣል፣ አየር የለ ምን የለ።

ይሄን ሁሉ ልተወው፣ እኔን ሚያስፈራኝ ትንኝ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ላይታያችሁ ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ሚባለው በትንኝ ሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ድሬ ገባ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ሚባል ሌላ የትንኝ በሽታ መጣና ሰፈሩን በሙሉ አስተኛው፣ እኔም ከተኙት አንዱ ነኝ፣ ትኩሳቱ በሳምንት ለቀቀኝ መገጣጠሚያዬ ግን ሳምንታት ፈጀ፣ የሻይ ብርጭቆ ለመያዝ ጣቴ አልታጠፍ ብሎኝ በሁለት መዳፌ ነበር ምይዘው። ሁለቱንም ሚያመጣው ኤደስ ኤጂፕቲ ሚባለው ትንኝ ነው፣ በቀን ነው ሚነክሰው፣ ረግረግ ምናምን አይፈልግም፣ ሚፈልገው የሰው ቤት ውሃ ነው፣ ሮቶ፣ በርሜል፣ የተጣለ ጎማ፣ አበባ ስር የተቀመጠ ሳህን። እንቁላሉን ውሃው ውስጥ አይደለም ከውሃው ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው ሚለጥፈው፣ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚ ውሃውን ደፋሁት ብለሽ አትተኚም።

ይሄ ሳያንስ ደሞ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ሚባለው የወባ ትንኝ በፈረንጆች 2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ተገኘ፣ እሱም በዕቃ በተጠራቀመ ውሃ ነው ሚራባው፣ በ2022 ድሬ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ያስነሳው እሱ ነው። የድሮ ወባ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። የአሁኑ ያንቺን ባልዲ ነው ሚጠብቀው።

ደጋፊዋ (አዲስ አበባ)

ጋሼ አንተ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ እርስዎ እያልኩ ልቀጥል ይፍቀዱልኝ።

የጨዉን ነገር እቀበላለሁ፣ እኛም ጋ ቀለል ብሎ አይተነዋል። ግን መላ አለው። በሁለት ወር አንዴ የላይኛውን ባልዲ ብቻውን አንስተን መታጠቢያ ቤት ከላይ በብዙ ውሃ እናጥበዋለን፣ ክረምት ላይ ደሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ታችኛውን አውልቀን ዝናቡ በነፃ ያጥብልናል። አፈሩን በገለባ መሸፈንም በጣም ይረዳል ምክንያቱም ከአፈሩ ፊት ሚተነው ውሃ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ነጩም ይቀንሳል። ድሬ ላይ ግን ባሉት ውሃ በየሁለት ወሩ ሚበቃ አይመስለኝም፣ እሱን አልከራከርም።

የአፈሩ ጉዳይ ግን በክሩ አይፈረድ። ኮትቻ በእጅም ቢያጠጡት በባልዲ ውስጥ ጭቃ ነው። እኛ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ ነው ምንቀላቅለው፣ ከፍታውም ከ30 ሴንቲ አይበልጥም፣ ከዛ በላይ ሲሆን ውሃው ላይኛው አፈር ጋ መድረስ ይቸግረዋል። ለዛም ነው ዘር ስንዘራ መጀመሪያ ሰሞን ከላይ ምናጠጣው፣ ስሩ እስኪወርድ። ጥብስ ቅጠል፣ እሬትና ጤና አዳም ደሞ የእናቴ ሸክላ ውስጥ ናቸው፣ ክር አልገባባቸውም፣ እዚ ላይ ተስማምተናል።

ክሩ ራሱ ብዙ አስተምሮኛል። መጀመሪያ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ነበር የቀደድኩት፣ ጥጥ ነው ውሃ ይወዳል ብዬ። ሶስት ወር ገደማ ቆይቶ ቃሪያው ታች ውሃ እያለለት ጠወለገ፣ ባልዲውን አንስቼ ክሩን ስጎትተው እጄ ላይ እንደ ገንፎ ተቆረጠ። በስብሷል። ከዛ በኋላ የናይለን ሹራብ ክር ሶስት አራቱን ገምጄ ነው ማደርገው፣ አዲስ ከሆነ ደሞ በሳሙና አጥቤ፣ ምክንያቱም የፋብሪካ ቅባት ስላለው ውሃ አይስብም። ሲገባም ረጥቦ ነው መግባት ያለበት።

ትንኙን በተመለከተ፣ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን ብርዱ ለወባ አይመችም ብዬ ልመልስልዎት ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ጽሁፍዎን ካነበብኩ በኋላ ሌሊት ተነስቼ የስልኬን መብራት ቱቦው ውስጥ አበራሁ። አሉ። ትንንሽ፣ ጭራቸውን ወደላይ አድርገው የተንጠለጠሉ፣ መብራቱ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደታች ሚሸሹ። ወባ ባይሆኑም እናቴ እዛ አጠገብ ነው በርጩማ አድርጋ ምትቀመጠው፣ በጣም ደነገጥኩ። ያን ሌሊት ሁሉንም ደፍቼ በብሩሽ ፈገፈግኩት፣ የቱቦዎቹንም አፍ በወንፊት ጨርቅ አጥፌ በላስቲክ አሰርኩት።

ተቃዋሚው (ድሬዳዋ)

ያየሽውን እንዳየሽው ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ፣ ሌላው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር።

ነገር ግን ትንኝ በሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከሳምንት እስከ አስር ቀን ይበቃታል። ያንቺ ውሃ ደሞ ሳምንት ሙሉ ተሸፍኖ ነው ሚቀመጠው፣ ማንም አያየውም። ስራው ሲቀል ዓይንም አብሮ ይሄዳል ልጄ። እኔ ጠዋት ጠዋት በጣሳ ሳጠጣ ቅጠሉን እገለብጣለሁ፣ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል ሚመጠው ትንሽ ተባይ፣ ካለ በጣቴ አነሳዋለሁ፣ አፈሩን እነካለሁ። ውሃ አነሰኝ ካልሽ ትንሽ ያልተቀባ ማሰሮ እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ቅበሪና ሙይው፣ ክዳኑን ግጠሚበት፣ ሸክላው በላቡ ያጠጣልሻል። ትንኝም አይገባበትም።

ደጋፊዋ (አዲስ አበባ)

ማሰሮው መሬት ላይ እኮ ግሩም ነው ጋሼ፣ ግቢ ላለው ሰው። ባልዲ ውስጥ ሲቀበር ግን ግማሹን ቦታ እሱ ይወስደዋል፣ ስሩ የት ይሂድ? ደሞ ያ የነገሩኝ ኖራ የሸክላውንም ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ አንድ ዓመት ቆይቶ መላብ ያቆማል።

ዓይን ይሄዳል ያሉት ግን እኛ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። እናቴ ድሮ ጀሪካን ስትጎትት ቅጠሉን ለማየት ትንፋሽ አልነበራትም፣ አሁን ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ነው ምታየው፣ ክሽክሹን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ለፋሲካ አገር ቤት ሄደን ዘጠኝ ቀን ቆይተን ስንመለስ ቃሪያው አበባ ይዞ ነበር የጠበቀን፣ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የሄደችው ወደሱ ነው፣ ሻንጣዋን እንኳን አላስቀመጠችም። ይሄን ለመተው ሚያስችል ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም። ድሬ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ግን አትስራው ነው ምለው፣ እሱን አሳምነውኛል። እኛ ጋ ግን ይቀጥላል፣ በየሳምንቱ እሁድ በመብራት እያየሁ።

ተቃዋሚው (ድሬዳዋ)

እኔ ግቢዬ ውስጥ ባልዲ አላስቀምጥም፣ በዛ አቋሜ አልለወጥም። እናትሽን ግን ሰላም በይልኝ፣ የሻንጣውን ነገር ሳነብ ገባኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የቱቦውን አፍ አሰርኩ ብለሻል፣ ጥሩ። መጀመሪያ ላይ ታችኛው ባልዲ ጎን ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ ብለሽ ጽፈሽ ነበር፣ እሱን ሸፈንኩ ስትይ ግን አላየሁም። ትንኝ በሱም ትገባለች፣ ዛሬ ሳይመሽ እሱንም በወንፊት ጨርቅ ሸፍኚው።