«አታንኳኩ» የሚለውን በር ለሚያንኳኩ፣ የከበረ ምስጋና

ሰው ማንበብ ተወ እያላችሁ የምታማርሩ፣ አንድ ቅዳሜ እኔ ሰፈር ብቅ በሉና ቤት ለቤት የሚሸጡትን ልጆች እዩልኝ። እዚህ አሜሪካ በየበሩ ላይ «ኖ ሶሊሲቲንግ» የምትል ጽሑፍ ተለጥፋለች። ተራው አንባቢ «ሻጭ አይምጣብን ማለታቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ገና ንባብ ነው። ሻጮቻችን ግን ንባቡን ጨርሰው ትርጓሜ ገብተዋል።

ትርጓሜው እንዲህ ይሄዳል። አንድም፣ ሌሎቹ አይምጡ፣ አንተ ግን ና ሲል ነው። አንድም፣ ጽሑፉን የለጠፈው የቀድሞው ባለቤት ነው፤ የአሁኑ ሰው የሚያንኳኳለት አጥቶ ተክዟል ሲል ነው። አንድም፣ የተከለከለው መሸጥ ነው፤ አንተ ደግሞ የጣሪያውን ሁኔታ በነጻ ልትነግረው እንጂ ልትሸጥለት አልመጣህም ሲል ነው። አንድም፣ ወርቁም ይኸው ነው፣ እዚህ ቤት ፊት ለፊት እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው አለ፤ ቢሆንለትማ ምን በብረት አስቀረጸው ሲል ነው።

በመጨረሻው ትርጓሜ ላይ ክርክር የለኝም። ስለ እኔ ነው የተተረጎመው።

ባለፈው የመጣው ልጅ ሦስቴ አንኳኳ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ትከሻውን ወደ መንገዱ መለስ አድርጎ ቆመ። የማያስፈራ ሰው አቋቋም ነው፣ በሥልጠና የሚገኝ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ፣ በስልኬ በኩል በደወሉ ካሜራ «ቤት የለሁም» አልኩት። ጥላዬ መስታወቱ ላይ ተገትሯል። ልጁ ጥላውንም አየ፣ ድምፁንም ሰማ፤ ግን ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። «ችግር የለም ጌታዬ፣ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ደጅ አስቁሞ ማን ያስችለዋል? ከፈትኩ። ጽሑፉን በጣቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበውና «በጣም ያምራል፣ የት ነው የገዙት?» አለኝ።

ከዚያ የጎረቤቴ ግቢ ፀረ ጉንዳን እየተረጨ መሆኑን ነገረኝ፤ ጉንዳኖቹም ከዚያ ሲባረሩ ወደ እኔ እንደሚሰደዱ። ልብ በሉ፣ ይህ ሽያጭ አይደለም፣ የስደተኞች ጉዳይ ነው። ታብሌቱ ላይ በጣቴ የፈረምኩትም በዚሁ ስሜት ነበር፤ ለአንድ ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ሊረጩልኝ።

ሕግ አውጪዎቹ ለእንደኔ ያለው ሰው ያልደከሙበት ጊዜ የለም። ግሪን ሪቨር የምትባለው የዋዮሚንግ ከተማ በ1931 ዓመተ ምሕረት በነሱ አቆጣጠር፣ ሳይጠሩ ቤት ለቤት እየዞሩ መሸጥን ሁከት ነው ብላ ከለከለች። ሌሊት የሚሠሩት የባቡር ሠራተኞች ቀን ላይ እንቅልፍ አጥተው ነው ይባላል። በ1951 ከሉዊዚያና የመጣ ተመሳሳይ ደንብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጸና። ዛሬ ብዙ ከተሞች ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ሻጩን ያስመዘግባሉ፣ ባጅ ያስለጥፋሉ፣ ሲመሽ ወደ ቤትህ ግባ ይሉታል።

ሃይማኖት የሚሰብከውና ለምርጫ የሚቀሰቅሰው ግን ሌላ ነው። የኦሃዮዋ ስትራተርስ የሰው በር እያንኳኩ ወረቀት ማደልን በጅምላ ብትከለክል፣ በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ጣለው፤ ማን ያንኳኳ፣ ማን አያንኳኳ የሚለውን መወሰን ያለበት ከተማው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው አለ። በ2002 ደግሞ ሌላ የኦሃዮ መንደር፣ ስትራተን፣ ሰባኪም ቢሆን አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ ብትል 8 ለ1 ተሸነፈች። እንግዲህ ያን ያህል ዳኛ ያን ያህል ዓመት ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ሥልጣኑን አምጥቶ ያስረከበው ለእኔ ነው። በር ሥር ተደብቄ በስልክ «ቤት የለሁም» ለምለው ለእኔ!

መሣሪያውማ ሞልቷል። ጽሑፍ መለጠፍ አለ። በብዙ ከተሞች ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ ወይም በኢንተርኔት፣ «ቤቴ አይንኳኳ» ብሎ አድራሻን ማስመዝገብ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት ከተማ ከዚያ በኋላ የሚያንኳኳ ሻጭ ደንብ ተላልፏል፣ ሊቀጣም ይችላል። ባጅህን አሳየኝ ማለት ይቻላል። አልሄድም ካለ ለፖሊስ መደወል ይቻላል፣ በድንገተኛው ሳይሆን በመደበኛው ቁጥር። ሁሉም ይቻላል፣ አንደበት ላለው። እኔ ግን ይሉኝታ አለብኝ። አንድ ልጅ በዚያ ፀሐይ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት ውሎ፣ ባጅ አሳየኝ እንዴት ይባላል?

አንድ ሕግ ግን በልኬ የተሰፋ አለ። በፌዴራል ደንብ፣ ቤቴ መጥተው 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ነገር ከሸጡልኝ፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ምክንያት ሳልሰጥ መሰረዝ እችላለሁ። ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ሻጩም መብቱን በቃሉ ሊነግረኝና የመሰረዣውን ቅጽ በሁለት ኮፒ ሊሰጠኝ ግዴታ አለበት። ኢንሹራንስንና የቤት ሽያጭን የመሳሰሉት አይነኩበትም እንጂ፣ የጉንዳኑ ነገር ይገባበታል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው ይሉኝታን ያውቀዋል፤ በር ላይ ከአፌ አልወጣ ያለችውን አንዲት «አይ»፣ ሦስት ቀን አምጬ በጽሑፍ እንድወልዳት ፈቀደልኝ። ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ አንዱን ኮፒ አስቀርቼ ሌላውን ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው ደብዳቤ ላክሁ። እንደዚያ ቀን ደፍሬ አላውቅም።

በዚያው ሞቅታ አድራሻዬን መዝገብ ላይ አስገባሁ። በእኛ ከተማ ፈቃድ የሚያወጣ ሻጭ የማይንኳኩትን ቤቶች ዝርዝር አብሮ ይረከባል። ሁለት ሳምንት በጸጥታ አለፈ።

ከዚያ ተንኳኳ። ሦስቴ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ትከሻ ወደ መንገዱ። ይኼኛው በእጁ የያዘው ዝርዝሩን ነው፤ ጣቱ አንድ መስመር ላይ አርፏል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ቤት ከማይንኳኩት ነው አይደል? እንዳልሳሳት ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«አዎ» አልኩት።

«ግሩም» አለ፣ ምልክት እያደረገ። «በሩ ከተከፈተ አይቀር...»