ሰው ጎዳና ሳይወጣ

እኛ ውጭ ያለን የሰሜን ሸዋ ልጆች በመስጠት አንታማም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ዝም ብሎ የተቀመጠ የአካባቢው ልጅ አላየሁም። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተዋጣ፣ በጎፈንድሚ ተዋጣ፣ በየዋትስአፕ ግሩፑ ተዋጣ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና ባቄሎ መጠለያ ጣቢያዎች ሲሰፍሩም ዱቄቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ መድኃኒቱ ተልኳል። ተመስገን ነው። ግን አንድ ነገር ሲቆረቁረኝ ቆይቷል። ገንዘባችን የሚደርሰው ሁሌም ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚደርስለት የለም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ሌሊት እየዞሩ ቤት የሌለውን ሰው ይቆጥራሉ። ለቤት አልባዎች ተብሎ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል አካባቢ ሁሉ ደጅ የሚያድረውን ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የመቁጠር ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 በመላ አገሪቱ፣ መጠለያ ያለውንም ጨምሮ፣ በአንድ ሌሊት የተቆጠረው 771,480 ሰው ነው። ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህን ያህል ሆኖ አያውቅም ነበር። በሀብት ዓለምን የሚመራ አገር ነው ይሄ።

እኔም በበጎ ፈቃድ ቆጠራ ወጥቼ አውቃለሁ። አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ጥግ ላይ አሮጌ መኪና ቆሟል። መስታወቱን ከውስጥ ትንፋሽ ደፍኖታል። ኋላ ወንበር ላይ በፌስታል የታሰረ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ የተሰካበት ኩባያ፣ በማንጠልጠያ የተሰቀለ ሸሚዝ አለ። ሰውየው የጥበቃ ዩኒፎርም ለብሷል። ሥራ አለው፤ ሲነጋ ይገባል። ከቤት እንዴት እንደወጣ ጠየቅነው። የሥራ ሰዓቱን ቀነሱበት። የአንድ ወር ኪራይ ጎደለው። ቅጣት ተደመረበት፣ ተከሰሰ፣ ሸሪፍ መጥቶ አስወጣው። አሁን ደግሞ ስሙ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስላለ የሚያከራየው አጣ። የሁሉም መነሻ ያቺ የአንድ ወር ኪራይ ናት። ያኔ የሚከፍልለት ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ እሱን መጠለያ ለማስገባት የሚወጣው ወጪ ሁሉ ይቀር ነበር። ጎረቤቶቹስ? አንድ ኮሪደር ላይ ዓመታት ኖረው ስሙን እንኳ አያውቁም። ችግሩን ማን ይስማለት?

አሜሪካኖቹ ገንዘብ አላጡም። በኮቪድ ጊዜ ለኪራይ እርዳታ ብቻ ከ46 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድበው ነበር። መጀመሪያ ላይ ግን በብዙ ቦታ ተጓተተ። ወረቀቱ በዛ፣ ገንዘቡ ለተከራዩ ሳይደርስ ወራት አለፉ። በደንብ መፍሰስ ሲጀምር ግን ስንቱን ከመፈናቀል አዳነ! ሌላው የማደንቀው የቴክሳሷን ከተማ ሂውስተንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የቤት አልባዎቹን ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በየፊናቸው ይሮጡ የነበሩ ከ100 በላይ ድርጅቶች በአንድ ዕቅድና በአንድ መዝገብ መሥራት ጀመሩ። አብዛኛው ብር ከዋሽንግተን ይመጣል። ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት ግን እዚያው ከተማ ያሉት ናቸው። ለሰውየው መጀመሪያ የቤት ቁልፍ ይሰጡታል። ሱሱም ሕመሙም ቤት ከገባ በኋላ ይታያል። ደጅ የሚያድር ሰው «መጀመሪያ ተስተካከል» ቢባል በምን አቅሙ ይስተካከላል?

ወደ ደብረ ብርሃን ልምጣ። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ደጅ ማደር ቀልድ አይደለም። ፋብሪካው በዛ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ከመንዝም ከመርሐ ቤቴም ወጣቱ ለቀን ሥራ ይጎርፋል፣ ተፈናቃዩም ተጨመረ። ኪራይ ሰማይ ነካ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አንዲት የጭቃ ክፍል በቃል የተከራየች ጉልት ቸርቻሪ ውል የሚባል ወረቀት በእጇ የለም። ኪራይ ላቃታት ደግሞ ሕጉ ራሱ ኪራይ አይከፍልላትም።

ባለፈው ስሄድ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሠፈር የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት እናት መንገድ ዳር ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ታመመችና ሥራ አቆመች። የሁለት ወር ኪራይ ተወዘፈ። አከራይዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሷም የምትኖረው በዚያችው ኪራይ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ የት ሊገቡ ነው? ሠፈሩ በሙሉ ጉዳዩን ያውቃል። ሻይ ያጣው ደንበኛ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ የልጇ አስተማሪ ያውቃል። የእድሩን ጸሐፊ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እድሩ አይረዳትም ወይ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ደንባችን ለቀብርና ለለቅሶ ነው የሚለው» አሉኝ። «ዛሬ ብትሞት ድንኳኑም ብሩም በሰዓቱ ይደርሳል። በሕይወት እያለች ግን ከሣጥን ላወጣላት አልችልም።»

መጀመሪያ ከኪሳቸው 500 ብር አውጥተው የሰጧት ግን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሠፈሩ አዋጣና ውዝፉ ተከፈለ። የዚያን ቀን ተረፈች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ሲገጥመው ግን መዋጮው ከዜሮ ይጀመራል። ሰዉም ይሰለቻል፣ የራሱም ኑሮ አለበት።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሜሪላንድ ላይ ያ ጥበቃ ያጣው የሚያውቀው ሰው ነው። ጠባሴ ላይ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የጎደለው ቋሚ ብር ነው። ሰው ማወቅ በዶላር አይገዛም። ቋሚ ብር ግን እኛ ውጭ ያለነው ልናመጣው እንችላለን። 50 ሰው በወር 20 ዶላር ቢያዋጣ 1,000 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ይመነዘራል። ይህ ገንዘብ በአንድ ሠፈር የስንቱን ቤተሰብ የኪራይ ውዝፍ እንደሚሸፍን አገር ቤት ዘመድ ያለው ሁሉ ሒሳቡን መሥራት ይችላል።

ኪራይ ብቻም አይደለም። በየክረምቱ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ይቀየራል፣ የዘመመ ግድግዳ ይቀናል፣ ጭቃው እንደገና ይመረጋል። ይህ በእኔ እምነት ሰውን ከጎዳና ለማዳን በአገራችን ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ቤቷ የፈረሰባት አሮጊት መድረሻዋ ደጀ ሰላም ነውና። ጉልበቱ በነፃ አለ፣ ባህር ዛፉም ከአካባቢው ይገኛል። የሚያንሰው የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ነው።

«ገንዘቡ ይበላል» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የተበላ ገንዘብ አለ። ሰው የሚከዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማያየውን ገንዘብ ነው። እድር ውስጥ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ሒሳብ ያቀርባሉ፤ ሒሳብ ያጎደለ ሰው ያንን ሠፈር ቀና ብሎ አይሄድበትም። «ሰዉ እያወቀ ኪራይ ያቆማል» የሚልም አለ። ጎረቤት ይህን አይለይም እንዴ? የታመመውንና የሰነፈውን ከሜሪላንድ ሆኜ እኔ አልለይም፤ ግድግዳ የሚጋራው ሰው ግን ይለያል። ስለዚህ የመምረጡን ሥልጣን ለእነሱ እንተው። ዶላር ስለላክን ዝርዝር አውጪዎቹ እኛ መሆን የለብንም። ይሄ የእኛ የዲያስፖራዎች ትልቁ ሕመም ነው።

የእድር ደንብ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ሰውንና ወላጅ ያጣ ልጅን መርዳት ጀምረው ነበር። አሁንም በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል። ከቀብሩ ሣጥን የተለየ የቤት ሒሳብ ይከፈት። ውዝፉ በባንክ ወይም በቴሌብር ቀጥታ ለአከራዩ ይግባ፣ ደረሰኙ ለአባላትም ለእኛም ይታይ። ሻይ ሻጯ ሥራ ስትጀምር የምትችለውን ትመልስ፤ ካልቻለችም አትጠየቅ። እኛ ደግሞ የዓመቱን መዋጮ ከመስከረም በፊት እንላክ፤ የኅዳር ብርድ ሲገባ ኮሚቴው የሚወስነው በእጁ ባለ ብር ላይ ይሁን።