ምስጋና ለሠፈሬ አጣሪዎች

አሜሪካኖች ዳኛ ማጣራት አያውቁበትም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ቦርክ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ አምስት ቀን አስቀምጦ ጠየቃቸው። ያውም ስለ ምን? ባልና ሚስት የወሊድ መከላከያ ቢጠቀሙ መንግሥት ምን አገባው ብሎ በ1965 የተፈረደውን ፍርድ ለምን እንደሚነቅፉ። እርሳቸው ጠቅላላ የግላዊነት መብት በሕገ መንግሥቱ አልሰፈረም ባይ ነበሩ። በመጨረሻ 58 ለ42 ወደቁ። አምስት ቀን! እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቢሆን ኖሮ በረካው ሳይቀዳ ጉዳያቸው ባለቀ ነበር።

በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን ለዳኝነት ታጨ ተባለ። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አልጠየቀም፤ ማጣራቱ ግን በዚያው ከሰዓት ተጀመረ። የጅማ ዝናብ መቼም ሰውን ቤት ያውላል፤ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ የጎረቤቱን በር ያያል። በአቦሉ ሚስቱ እናቷ ቤት ለምን እንደምታዘወትር ታወቀ። በቶናው የባንክ ብድሩ። የቤት ሠራተኛዋ ለምስክርነት ተጠራች፣ ባለሱቁም የዱቤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ። ምንኛ የታደለ ሠፈር ነው!

በቦርክ ጊዜም አንድ ጋዜጠኛ ሰውየው የተከራዩአቸውን የ146 ቪዲዮ ካሴቶች ዝርዝር አግኝቶ ጽፎበታል። ይህቺን አደንቃለሁ፤ የባለሱቃችን ሙያ ናት። ምን ያደርጋል፣ ኮንግረሱ በዓመቱ ሕግ አውጥቶ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማውጣት ከለከለ። ምቀኞች!

የእኛ አጣሪዎች ሕግ አያግዳቸውም። በእነርሱ 1987 አልተጻፈም የተባለው መብት በእኛው 1987 ዓ.ም. በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ቤቱ፣ ደብዳቤው፣ የስልክ ንግግሩ ሳይቀር። አንቀጹ አንድ ስኒ ቡና እንኳ ሲያስተጓጉል አላየሁም።

ዕጩው ስለዚሁ አንቀጽ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም። ምን ያስፈልጋል? መንገድ በሚያየው መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቅሏል፤ አቋሙ በዚያው ታወቀ።

«ደግ የሚሠራ ሰው ምን ያስጋርደዋል?» አሉ ቡና የሚያፈሉት እትዬ፣ የራሳቸውን በር በእግራቸው ገፋ አድርገው እየዘጉ።

ጉባኤው ዕጩውን ጣለው። አንዲት ሴት ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ መጋረጃውን በስንት እንደገዛው ገና አጣርታ አልጨረሰችም።